ፍሪጁ ሲነሳ

ጀኔሬተርን በቅጡ ያወቅሁት ሜዳ ላይ፣ ድንኳን በተተከለበት ነው። ከሚሌኒየሙ ማግስት ለቱሪስቶች ካምፕ በሚያዘጋጅ ድርጅት የወጥ ቤት ረዳት ሆኜ ገባሁ። መንገዳችን አብዛኛውን ጊዜ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ፣ ከዚያም በኮንሶ በኩል ወደ ቱርሚ ነበር። ድንኳኑና ፍራሹ ጣሪያ ላይ ይጫናል፤ ሥጋና ቅቤ የሚይዘው ትንሽ ፍሪጅና ቀይዋ ጀኔሬተር ከኋላ ጎን ለጎን ይታሰራሉ።

ሹፌራችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የጀኔሬተሯም ኃላፊ እሳቸው ናቸው። ቱርሚ በደረስንበት በመጀመሪያው ምሽት ጠሩኝና ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣታቸው እያሳዩ «አንብብ እስቲ» አሉኝ።

«2,000 ዋት ይላል ጋሼ።»

«ከሥሩስ?»

«1,600።»

«የላይኛውን የምትሰጥህ ለጥቂት ሴኮንድ ነው ልጄ። አብረሃት የምታድረው በታችኛው ነው።»

ፍሪጁ ላይ የተጻፈው 150 ዋት ነበር። 150 ለ1,600 ምኑ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሼ የገጠር ልጅ ናቸውና «ኩንታል ጤፍ ጀርባህ ላይ ከወጣ በኋላ መንገድ ትሄድበታለህ፤ ጭንቁ ከመሬት ሲነሳ ነው» አሉኝ። ነገሩ በእርግጥም እንደዚያው ነው። የሚሽከረከር ሞተር የሚመጣበትን ኤሌክትሪክ መልሶ ይገፋል፤ ቆሞ ሳለ ግን የሚገፋበት ነገር ስለሌለው ኤሌክትሪኩ እንዳለ ይገባበታል። ስለዚህ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለአፍታ ያህል ከመደበኛው ሦስት፣ አንዳንዴም ስድስት እጥፍ ይስባል። የውሃ ማፍያ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ብዙ ቢበላም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚበላው ያንኑ ነው።

ያን ምሽት ጋሼ መጀመሪያ «ኢኮ» የሚለውን ማብሪያ አጠፉት። እሱ ሲበራ ጭነት ከሌለ ሞተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ከባድ ነገር ድንገት ሲመጣበት ለመፍጠን ጊዜ ያጣል። ከዚያ ፍሪጁን ብቻውን ሰኩትና መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳርፈው ጠበቁ። ኮምፕረሰሩ «ጠቅ» አለ። የጀኔሬተሯ ድምፅ ጎርነን ብሎ ወረደ፣ ወዲያው ተመልሶ ቀጥ አለ። «ሰማህ? ተነሳ። አሁን አምፖሉን አብራ» አሉኝ። ቀጥሎ የእንግዶቹ ቻርጀሮች ተሰኩ። ሁልጊዜም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነበር፦ ሞተር ያለው በቅድሚያ፣ አንድ በአንድ፤ ቀላል ቀላሉ ኋላ። ፍሪጅ ግን ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ሳይጠይቅ ይነሳል። ለዚያ መነሻ ሁልጊዜ ቦታ መተው አለበት። የኤሌክትሪክ ማፍያ ካምፓችን ያልገባው በዚህ ነው፤ ሻይ የሚፈላው በጋዝ ነበር።

ዶርዜ ላይ ያየሁት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። ቱርሚ ቆላ ነው፤ ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ቱርሚ ላይ ፍሪጁ እየሠራ፣ አምፖሉም በርቶ፣ ወደ ሻወሩ በርሜል ውሃ የሚገፋውን የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ያለችግር የምታስነሳው ጀኔሬተር፣ ደጋ ስትወጣ ፓምፑ ገና ሲሰካ ቀይ መብራቷን አበራች። ሞተሩ ይዞራል፤ ካምፑ ግን ጨለማ ነው። ጋሼ ምንም አልተደናገጡም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል፤ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 1,600 የነበረው እዚያ ላይ ወደ 1,200 ወርዷል ማለት ነው። ሁሉንም ነቀሉ፣ ጀኔሬተሯን አጥፍተው አስነሷት፣ ግን ፍሪጁን ወዲያው አልሰኩትም። በኮምፕረሰሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ እስኪላላ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ አለዚያ ሲነሳ የበለጠ ይጨነቃል። በዚያች ፋታ ፓምፑን ብቻውን አስነስተው በርሜሉን ሞሉና ነቀሉት፤ ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ገባ። ዶርዜ ላይ ፓምፑና ፍሪጁ ዳግመኛ አንድ ላይ አልተሰኩም።

ስለ ገመድም ጥብቅ ነበሩ። ቀጭንና ረጅም ገመድ ልክ በመነሻዋ ሰዓት ቮልቱን ይጥለዋል፣ ኮምፕረሰሩም መዞር አቅቶት እያጉረመረመ ይግላል። ጀኔሬተሯን ወደ ድንኳኑ እናስጠጋት ቢባሉ ግን በጭራሽ አይሰሙም፤ ጭሷ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። ስለዚህ ርቀቱን ሳይነኩ ገመዱን አወፈሩት፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር።

ከእሳቸው የተሻለ የኤሌክትሪክ መምህር አላገኘሁም። ድንኳን ይዛችሁ የምትወጡ ሁሉ፣ ጀኔሬተር ከመግዛታችሁ በፊት የፍሪጃችሁን የመነሻ ጉልበት ጠይቁ፣ የምትሰፍሩበትንም ከፍታ አስሉበት። ስታስነሱትም ከድንኳኑ አርቁት፤ ጭሱም ወደ ድንኳኑ እንዳይነፍስ የነፋሱን አቅጣጫ እዩ።