ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆኗል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እትዬ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝተዋል። አሁን ዋሽንግተን መሆን የነበረባቸው ሴትዮ። አዎ፣ እነዚያው እትዬ፤ ባለፈው ሳምንት "የልጅ ልጄን አቅፌ ልመለስ" ሲሉ ቪዲዮ ለጥፌላችሁ ሁላችሁም "አሜን" ያላችሁላቸው። አሜኑ አልሠራም። አውሮፕላኑ አመለጣቸው፣ ያስመለጥኳቸውም እኔ ነኝ። እኔ፣ የተማርኩት።

ትኬቱ "ማክሰኞ 00:35" ይላል። የፈረንጅ ሰዓት መቀየር ላይማ ማን ይችለኛል! ስድስት ደመርኩ፣ የሌሊቱ 6:35 ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ነበርን። ሻንጣዎቹ በላስቲክ ተጠቅልለዋል፣ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። መመዝገቢያው ጋ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ወንድሜ፣ የእማማ በረራ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል።"

ፈረንጅ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ካልነጋ አንቀይርም። ማክሰኞ 00:35 ማለት በእኛ ገና ሰኞ ሌሊት ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ እኔና እትዬ ሽሯችንን በልተን እዚሁ ቤት ተኝተን ነበር። በሰላም። እያንኮራፋን።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ አይደለም። እሁድ ዕለት ቡና እያፈሉ ጠይቀውኝ ነበር። "ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ማክሰኞ ለረቡዕ?" አሉኝ። በዚሁ ቃል! ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ፤ ባለዲግሪው "አይ እትዬ፣ ወረቀቱ ማክሰኞ ነው የሚለው" ብሎ ዘጋቸው። እኛ አገር ደምበጫ አህያ የጠፋበት ሰው እንኳ "ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ጠፋብኝ" ይላል፤ ሌሊቱ የማን እንደሆነ የሚከራከር የለም። ቃሉ እያለን!

ደግሞ እንዳያመልጣቸው ብለን ሦስት ቀን ቀድመው ነው የመጡት። ከደምበጫ አዲስ አበባ በመኪና እንዳይባል መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝርም። በባሕር ዳር በኩል በአውሮፕላን ይምጡ አልን። እዚያም ሌላ ጥበቤን አሳየሁ፦ ትኬቶቹን ለየብቻ ቆረጥኳቸው፣ ትንሽ ረከሰልኝ። ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት አይተዋወቅም። የመጀመሪያው በጭጋግ ቢሰረዝ ሁለተኛው ምን አገባው። ሻንጣውም እንደዚያው ነው፤ የአሜሪካው ትኬት 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፣ የአገር ውስጡ 20 ኪሎ። ባሕር ዳር ሚዛን ላይ የበርበሬ ከረጢት እየተፈታ በስልክ ስሰደብ ዋልኩ። ደብረ ማርቆስ ዳኮታ አውሮፕላን ያርፍ በነበረበት ዘመን ብንወለድ ይሻለን ነበር እኮ። አባቴ እንደሚሉት ያኔ ሜዳው ላይ ላም ተባርራ ነው አውሮፕላኑ የሚያርፈው።

ሻንጣ ካልኩ አይቀር ስለዚያ ጠፍቶብኝ ስለነበረው የራሴ ሻንጣ ልናገር። ታሪኩን የምታውቁ እለፉት። አምስት ዓመት ሆኖታል፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አየር መንገዱን አልጠራም። ውስጡ እናቴ በእጇ የደለዘችው በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ አንድ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ያለው ሽሮ። የሰው አገር ወርጄ ያ የሚሽከረከር ጎማ አጠገብ ቆምኩ። ሻንጣ ይመጣል፣ ሰው ያነሳል። የእኔ የለም። ጎማው ቆመ። ብቻዬን ቀረሁ። አንዱ ሠራተኛ "ነገ ይመጣል፣ ቤትህ እናደርሳለን" አለኝና እኔም እንደ ደህና ልጅ አመስግኜው ወጣሁ። ጥፋቴ ይቺ ናት! ሻንጣ የቀረበት ሰው ከአዳራሹ ሳይወጣ የጠፋ ሻንጣ ሪፖርት አስሞልቶ፣ ቁጥር ያለው ወረቀት ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ የያዝኩት "እናደርሳለን"ን ነው። ስደውል ቁጥር ይሉኛል፤ የለኝም። ቀለሙ? ጥቁር። (የማን ሻንጣ ጥቁር ያልሆነ አለ?) ሻንጣ ሲመዘን የሚሰጧችሁ ያቺ ተለጣፊ ቁራጭ ወረቀትስ? ማስቲካዬን ጠቅልዬ ጥያታለሁ።

በ19ኛው ቀን መጣ። አንድ እግሩ የለም፣ ውስጡ እንዳለ ቀይ ነው፣ ሸሚዞቼ አልጫ መሆን አልቻሉም። ኋላ ሳነብ ነው የተቃጠልኩት። አገራችንም የተቀላቀለችው የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል አለ፣ የ1999 እ.ኤ.አ.። ለተሰበረ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ከተረከባችሁ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካመለከታችሁ አየር መንገዱ ይጠየቅበታል፤ ጣሪያው ዛሬ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። እኔ አላመለከትኩም። እናቴ "ሽሮው ደረሰ?" ስትለኝ "ጣፋጭ ነው" አልኳት። ይኸው ነው።

ወደ እትዬ ልመለስ።

ልጅቷ ጨዋ ነበረች። ከበረራው በፊት ደውላችሁ ቢሆን ቀኑን መቀየር ቀላል ነበር አለች። አሁን ግን "ኖ ሾው" ተብሏል፣ ቀሪ ማለት ነው፤ መሄጃው ሲቀር መመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። ቅጣትና የዋጋ ልዩነት። ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሚስቴም ይሄን ታነባለች። ፓስፖርቱ ላይ መጨረሻ ያለው የአያት ስም ስለሆነ ቀሪነቱም በዚያ ስም ነው የተመዘገበው። አያታቸው፣ የእኔ ቅድመ አያት፣ ደምበጫ ሚካኤል ከተቀበሩ ስንት ዘመናቸው፣ ማክሰኞ ማታ ቦሌ ላይ ቀሪ ተባሉ።

በዚህ መሃል ተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ መጣ። የአሜሪካዋ ልጃቸው መንገድ እንዳይጠፋባቸው ብላ በስልክ አዝዛው ነበር። ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ጥሩ መላ ነው፤ ከበር እስከ በር የሚያደርስ ሰው ይመደባል። ለእትዬ ግን ማንም አልነገራቸውም።

"ለማን ነው?"

"ለእርስዎ ነው እማማ።"

"ለእኔ? እግሬ ምን ሆነ? ሰው ቢያየኝ ምን ይላል!"

የወንበሩ ልጅ ይስቃል፣ እኔ ላለቅስ ነው። የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ያለው ቅቤና ማር ደግሞ ገና ነበር። ከ100 ሚሊ ሊትር ያለፈ ፈሳሽ በእጅ አይገባም፣ ይወስዱብዎታል፣ ወደ ትልቁ እናዙረው ብላቸው "የረጋ ቅቤ ምኑ ነው ፈሳሽ?" አሉኝ። እኔም አላውቅም እትዬ።

ታክሲ ውስጥ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቅቤው እንዳይቀልጥ እቅፋቸው ውስጥ አድርገው በመስኮት እያዩ "እንኳን ባዶ ወንበሬን ይዞ ሄደ፣ ምናልባት መንገድ ላይ የደከመው ሰው ተኝቶበት ይሆናል" አሉ።

አዲሱ ትኬት ዓርብ 00:35 ይላል። ፍሪጁ ላይ በማርከር ጽፌዋለሁ፦ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ። ከቤት መውጫ፣ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት።

ተነሡ መሰለኝ፣ ሲኒ ይንኳኳል። በቃ።