ሊጥ ቆላ ሲወርድ

መካነ ሰላም ያደገ ሰው ሙቀትን የሚለካው በቴርሞሜትር ሳይሆን በሊጥ ነው። አያቴ ያቦኩት የጤፍ ሊጥ ሦስት ቀን፣ ክረምት ከሆነም አራት ቀን ይቆይ ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ ዓባይ ቆላ ላለችው አክስቴ ለእርሾ የሚሆን ሊጥ በቅል አስይዘው ላኩኝ። ቁልቁለቱን ጨርሼ ስደርስ ሊጡ ውታፉን ገፍቶ፣ ልብሴን አበላሽቶት ነበር። ስመለስ አያቴ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቆላ ችኩል ነው። ያገኘውን ቶሎ ይጨርሳል» አሉኝ።

ይህ ትዝ ያለኝ ስለ ውቅያኖስ ሳነብ ነው። በባሕሩ ገጽ የሚኖሩ፣ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን እጽዋት ካርቦን ይወስዳሉ። ሲሞቱ ቅሪታቸው ከትንንሽ እንስሳት ኩስ ጋር እየተጣበቀ እንደ አመዳይ ወደ ታች ይረግፋል። ባክቴሪያዎች በየመንገዱ ይበሉታል። የበላ ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሱትም የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውን ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅሪቱ ሳይበላ ከ1,000 ሜትር በታች ከደረሰ ካርቦኑ ለመቶ ዓመታት ከአየር ተለይቶ ይቀመጣል። ላይ ካለቀ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ አየር ሊመለስ ይችላል።

እሽቅድድሙ በመስመጥና በመበላት መካከል ነው፤ ሙቀት ደግሞ ለበላተኛው ያደላል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጥቃቅን ነፍሳት አተነፋፈስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሰሜን አትላንቲክ ጥናትም የላይኛው ውሃ ሞቅ ባለበት ቦታ ቅሪቱ ብዙ ሳይወርድ እንደሚያልቅ አሳይቷል።

እኛ አገር የወረደ ሰው ቆላ ያገኛል። ባሕር ውስጥ የወረደ ግን ደጋ ነው የሚገባው። ችግሩ የሰው ልጅ ካመጣው ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉን የዋጠው ውቅያኖስ መሆኑ ነው። ወደዚያ ደጋ የሚያስወርደው መንገድ ራሱ ቆላ እየሆነ ነው።

ብርድ ጎተራ መሆኑን ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ አያሻም። ደንቆሮ ጫካ ውስጥ፣ አስታና ጅብራ ከሚበቅሉበት ከፍታ ላይ፣ የረገፈው ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ አፈሩን አጥቁሮት ይኖራል።

ባለፈው ጊዜ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ «ዘንድሮስ ሊጡ በሁለት ቀኑ ይኮመጥጣል» አለችኝ። የአየሩ ጠባይ ይሁን ሣሩን የተካው ቆርቆሮ እንጃ፤ በአንድ ቤት ሊጥ ዓለምን መፍረድ አይቻልም። ቢሆንም የአያቴን ቃል አስታወስኩ። ያን ጊዜ ችኩሉን ቆላ ለማግኘት ግማሽ ቀን መጓዝ ነበረብኝ።