ጨጓራ ነው ብለሽ አትተኚበት

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣ ዝቋላ፤

በቀደም በስልክ ዳገት ስትወጪ ደረትሽን ጫን እያለ ትንፋሽ እንደሚያሳጥርሽ፣ ስታርፊ እንደሚተውሽ ነግረሽኝ፣ “ጨጓራዬ ነው፣ ያልፋል” አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ጋ ነው።

እማዬ፣ ጨጓራም ሊሆን ይችላል። ለይቶ የሚያውቀው ግን የሚመረምርሽ ባለሙያ ነው። ስታርፊ የሚተውሽ ሕመም የልብ የደም ሥር መጥበቡን አስቀድሞ ሊነግርሽ ይችላል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጽጽቃ ሄደሽ ተመርመሪ። የግፊት መድኃኒትሽንም በጾም ቢሆን አታቋርጪ።

የጠበበው ሥር በረጋ ደም ከተደፈነ፣ ደም ያጣው የልብ ሥጋ መሞት ይጀምራል። ያን ጊዜ መሐል ደረትሽ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ይከብድሻል፤ አርፈሽም አይለቅሽም። ሕመሙ ወደ ክንድ፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ አንገትና መንጋጋ ሊሄድ ይችላል። ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሊከተል ይችላል። በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ደረት ሳያም የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊታይ ይችላል።

እንዲህ ከሆንሽ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ። እኅቴ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትደውል፤ አምቡላንስ ይጠራ። መኪና እስከሚገባበት ድረስ ጎረቤት በቃሬዛ ይሸከምሽ እንጂ አንድ እርምጃ በእግርሽ አትሂጂ። ሰው አስቸገርኩ ብለሽም አትፈሪ፤ አንቺም ለስንቱ ደርሰሻል። ለባለሙያው ሕመሙ የጀመረሽን ሰዓት፣ ግፊት እንዳለብሽና የምትወስጂውን መድኃኒት ንገሪው። አስፕሪን አኝኪ ካለሽ፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም መድማት ኖሮብሽ ከሆነ አስቀድመሽ አሳውቂው። ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሂጂ ከተባልሽ “ነገ” አትበዪ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይበልጥ ይረዳል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። የእኛ መንገድ ደግሞ ረጅም ነው።

ጠበልሽንም ጸሎትሽንም አትተዪ፤ በዚያች ሰዓት ግን ሕክምናው ይቅደም። እኅቴንም ደብዳቤውን ደጋግማ እንድታነብልሽ አደራ ብያታለሁ። እማዬ፣ ለእኔ ስትዪ በዚህ ሳምንት ታዪ።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ከአዲስ አበባ