የፎርክ ዘይት ውፍረት፦ በዕቃው ላይ ያለው ቁጥርና ፎርኩ የሚፈልገው

በሞተር ሳይክል የፊት ፎርክ ውስጥ ሞላና ዘይት ሥራ ተከፋፍለዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። የዘይቱ ድርሻ ሞላው የሚወርድበትንና የሚመለስበትን ፍጥነት መግራት ነው። ፎርኩ ሲጨመቅና ሲዘረጋ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ለማለፍ ይገደዳል፤ በዚህ ጊዜ የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንዲህ በዘይት የሚገራ የቱቦ ፎርክ በመደበኛ ምርት ላይ በማዋል ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ቢኤምደብሊው አር12 ነው። መሠረታዊ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም።

ዘይቱ ከሚገባው በላይ ሲቀጥን ፍሬን በተያዘ ቁጥር የፊቱ ክፍል በአንዴ ይደፋል፣ ጉድጓድ ካለፈ በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል። ከልክ በላይ ሲወፍር ደግሞ ፎርኩ በፍጥነት መጨመቅ ስለማይችል የጉድጓዱ ምት በቀጥታ መሪውን ወደያዘው እጅ ይሄዳል። ኮረኮንች ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ፎርኩ ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ስለሚደርስበት ዝቅ እያለ ይሄድና በመጨረሻ የሚጨመቅበት ቦታ ያጣል። ብዙ ነጂ ይህን ድርቀት ሲያይ ሞላው የጠነከረ ይመስለዋል።

ምርጫውን የሚያወሳስበው በዕቃው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። 5 ደብልዩ፣ 10 ደብልዩና 15 ደብልዩ የሚሉት ምልክቶች የተወሰዱት ለሞተር ዘይት ከወጣው የኤስኤኢ ደረጃ ሲሆን፣ የፎርክ ዘይት አምራቾች ሁሉ እኩል የሚገዙበት መለኪያ አይደሉም። የአንዱ አምራች 5 ደብልዩ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ 16 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ገደማ ይሆናል፤ የሌላው ከ25 ያልፋል። 10 ደብልዩ ከሚባሉትም 30ን ጥቂት አለፍ የሚሉ አሉ፣ 47 የሚደርሱም አሉ። ስለዚህ ያንኑ ቁጥር ይዞ አምራች የለወጠ ሰው ሳያውቀው ውፍረት ለውጧል። አስተማማኙ ቁጥር በአምራቹ የመረጃ ወረቀት ላይ በሴንቲስቶክ የሚሰጠው የ40 ዲግሪ ልኬት ነው።

ከዚሁ የሚመነጭ ሌላ ስሕተት አለ። 10 ደብልዩ 40 የሚል የሞተር ዘይት ለ10 ደብልዩ የፎርክ ዘይት ምትክ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ 90 ሴንቲስቶክና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ከፎርክ ዘይቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይወፍራል። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነው ዘይት ግን 35 ሴንቲስቶክ አካባቢ ስለሆነ ለብዙ 10 ደብልዩ የፎርክ ዘይቶች ይቀርባል። ሆንዳም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለብዙ ሞዴሎቹ ፎርክ ያዝዝ የነበረው ይህንኑ ነው።

የሙቀት መጠንም ይታሰባል። በ40 ዲግሪ 32 ሴንቲስቶክ የሆነ ተራ የማዕድን ዘይት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ውፍረቱ አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በደብረ ብርሃን ጠዋት ድርቅ ያለ ፎርክ በሰመራ ቀትር የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። የውፍረት መረጋጊያ ቁጥሩ ከፍ ያለ ዘይት በሙቀት ለውጥ ብዙም አይዋዥቅም፤ በአንድ ጉዞ ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ከ5 ወይም ከ10 ምርጫ ይልቅ ይህ ቁጥር ሊጠቅመው ይችላል።

የፎርኩ ዓይነት ምርጫውን ያጠብበዋል። በአነስተኛና በርካሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚበዛው ፎርክ ስፋታቸው የማይለወጥ ቀዳዳዎች ያሉት ዘንግ የያዘ ነው። በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ በዝግታ መድፋት ላይ የሚለግመው ፎርክ በድንገተኛ ጉድጓድ ላይ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ዘይት ማወፈር መድፋቱን ይቀንሳል፣ ድርቀቱን ግን ይጨምራል። ሁለቱን ባንድነት የሚፈታ ውፍረት ስለሌለ ምርጫው መሐል ቦታ መፈለግ ነው። በካርትሪጅ ፎርክ ውስጥ ግን ተቃውሞውን የሚወስኑት እንደ ግፊቱ የሚታጠፉ ስስ የብረት ቀለበቶች ናቸው። እነሱ የተሰሉት ለቀጭን ዘይት፣ ብዙውን ጊዜ ለ15 እስከ 20 ሴንቲስቶክ ስለሆነ፣ ወፍራም ዘይት ማስገባት የቫልቩን ሥራ ማበላሸት ነው።

ዘይቱ ከመለወጡ በፊት ሞላው ይፈተሻል። ነጂው ሲቀመጥ ፎርኩ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ቢወርድ ለመንገድ አገልግሎት ተገቢ ነው። ከዚያ እጅግ የሚወርድ ከሆነ የሚያስፈልገው ጠንካራ ሞላ ነው፤ ወፍራም ዘይት መውረዱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሰው ወይም ዕቃ ከኋላ የሚጭን ሰውም ማስታወስ ያለበት፣ የተጨመረው ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በኋላው ጎማ ላይ መሆኑን ነው።

ቀጥሎ የዘይቱ ከፍታ አለ። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር ሲጨመቅ እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሠራል። ከፍታው በጥቂት ሚሊሜትር ሲጨምር የፎርኩ መነሻ ብዙም አይለወጥም፣ የመጨረሻው ክፍል ግን ይጠነክራል። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ እስከ መጨረሻው እየወረደ የሚመታ ፎርክ ውፍረት ሳይለወጥ ሊስተካከል ይችላል። ልኬቱ የሚወሰደው በዘይቱ ውስጥ የታመቀው አየር ከወጣ በኋላ፣ ሞላው ወጥቶና ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ነው። ሁለቱ እግሮች ማንዋሉ በሚያዝዘው ልክ ይሞላሉ። ከልክ ያለፈ ዘይት ግፊቱን አብዝቶ ዘይቱን የሚያግደውን ማኅተም ያስለቅቃል።

ያረጀ ዘይት ቀጥኖና በብረት ብናኝ ጠቁሮ ስለሚገኝ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ማንዋሉ ያዘዘውን ውፍረት በአዲስ መሙላት ነው። ብዙ ቅሬታ እዚህ ላይ ያበቃል። ካላበቃ የመመለሻው ፍጥነት ይታያል፦ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ መሪው በኃይል ተጭኖ ሲለቀቅ፣ ፎርኩ አንድ ጊዜ ወጥቶ መርጋት አለበት። ወጥቶ እንደገና የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል፣ እየተጎተተ የሚወጣ ከሆነ ወፍሯል። በቱቦው ላይ የታሰረች ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያም ፎርኩ በጉዞ ምን ያህል እንደወረደ ታሳያለች።

ለውጥ ካስፈለገ ከአንድ አምራች ሁለት ዘይቶችን መቀላቀል ይቻላል። 20 እና 40 ሴንቲስቶክ እኩል ሲቀላቀሉ ውጤቱ 30 ሳይሆን 28 ገደማ ነው፤ ቅልቅሉ ሁልጊዜ ወደ ቀጭኑ ያደላል። በአንድ ጊዜ አምስት ሴንቲስቶክ ያህል መጨመር ወይም መቀነስ፣ የዘይቱን ከፍታ ሳይነኩ በዚያው መንገድ መሞከርና ውጤቱን መጻፍ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል።