ሰው የሌለበት ባሕር

በዘይት ቀለም መሣል መማር መጀመሬን የሰሙ ወንድሞች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ሸሪዓው ፍርድ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በሥዕል ለሚተዳደር ሰው፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ማስጠንቀቂያ ከነገሩት በኋላ፣ ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር እንዲሥል መንገድ አመላክተውታል። ሐዲሡ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። «ሥዕል ሁሉ ሐራም ነው» ብሎ ልጁን ከእርሳስ የሚያርቅ ወላጅም፣ «ዘመኑ ተለውጧል» ብሎ ነገሩን የሚያቃልል ወጣትም ቢያነቡት እወዳለሁ።

እኔን ያስቸገረኝ የሥዕሉ ዓይነት ነው። መምህሬ እንድለማመድበት የሰጡኝ የኢቫን አይቫዞቭስኪን «ዘጠነኛው ማዕበል» ቅጂ ነበር። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1817 በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በክራይሚያዋ ፌዎዶሲያ የተወለደ አርመናዊ ሲሆን፣ ለዑስማኒያው ሡልጣን ዐብዱልዐዚዝ ጭምር ብዙ የባሕር ሥዕሎችን ሠርቷል። በ1850 የሣለው ይህ ሸራ ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ ስፋቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ወጀብ ሲያናውጠው ባደረ ባሕር ላይ፣ ንጋት ሲቀድ፣ ከመርከብ አደጋ የተረፉ ጥቂት ሰዎች የተሰበረ ምሰሶ የሙጥኝ ብለው ይታያሉ። ሮማንቲክ የተባሉት ሠዓልያን ልማድ ይህ ነው፤ የተፈጥሮን ግዝፈት ለማሳየት አንዲት ትንሽ ሰው ከፊቱ ያኖራሉ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹን ትቼ በምትካቸው የባሕር ዳር አለት ላድርግ» አልኳቸው።

«እሺ፤ ታዲያ የማዕበሉን ትልቅነት በምን ታሳያለህ?»

ሃይማኖቴን አልተቃወሙም። የጠየቁኝ የሙያ ጥያቄ ነው፤ ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳኝም እርሱ ነው።

የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም፤ የተልባው ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር ነው። ስለዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ንብር በአኳራጅ ይቀጥናል፤ በላዩ የሚመጡት ግን ቀስ በቀስ ዘይት ይጨመርባቸዋል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ላዩ ይሰነጣጠቃል። (ልጆች ያሉበት ቤት ልብ ይበል፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጥለው።) በደረቀው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ሲደረብ፣ ከዚያም ሌላ ሲደረብ፣ ውሃው ጥልቀት ያገኛል። በሱረቱ አን-ኑር 40ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የከሓዲዎችን ሥራ በጥልቅ ባሕር ውስጥ በተደራረበ ጨለማ ይመስለዋል። መድረሳ ሳለሁ በቃሌ የያዝኩት አንቀጽ ነው፤ ሰማያዊውን በጥቁሩ ላይ ስደርብ ግን መደራረብ የሚለው ቃል ከበደኝ።

የጋሼ ጥያቄ መልስ ያገኘው በአድማሱ ነው። ከአድማስ መስመር በላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ከተመልካቹ ዓይን ከፍ ያለ ነው። እናም አድማሱን ዝቅ አድርጌ፣ የሩቁን ውሃ አደብዝዤ፣ የቅርቡን ማዕበል ጫፍ ከመስመሩ አሳልፌ አወጣሁት። ከጀርባው ብርሃን የሚወጋው ስስ ጫፉ አረንጓዴ፣ ሥሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ።

ጋሼ ከሸራው ፊት ቆመው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ውሃው ውስጥ ያለው ሰው እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብለው ሳቁ።

አለቱ ገና አልደረቀም። አረፋውን የምጨምርበት ከዚያ በኋላ ነው፣ ኢንሻአላህ።