መክሳት ሁሉ አንድ አይደለም

በአገራችን ልማድ የሰው ጤንነት የሚገመተው በገላው ነው። ከርሞ የተገናኘ ዘመድ «ወፈርክ» ቢል ማመስገኑ ነው፤ «ምነው ከሳህ?» ቢል ግን ማዘኑ ነው። ማዘኑስ መልካም ነበር፤ ክፋቱ ከጥያቄው በኋላ ሐሜት መከተሉ ነው። ይህንንም የተረዳሁት በአክስቴ ሕመም ነው።

አክስቴ በስድስት ወር ውስጥ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። የሚያስደንቀው ግን ከሁላችንም አብልጣ ትበላ ነበር። ሌሊት ልቧ እየመታ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ በብርድ ወራት ያልባታል፤ ቡና ስትቀዳ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒው ይንኳኳል። ከጎረቤት አንዷ «ቡዳ በልቷት ነው» አለች፤ ሌላዋ ስሙን ሳትጠራ «ያ በሽታ ነው» እያለች አንሾካሾከች። አክስቴም ይህን ሰምታ ከዕድሩም ከማኅበሩም ቀረች። ሐኪም ቤት መሄድንም፣ «አላልንም?» እንዳይሏት ስትል ፈራችው። እንግዲህ የሰው አፍ ከሕመሙ ጋራ ተባብሮ ቤት አስቀመጣት።

በባዮሎጂ ትምህርት የልብ ምት አቈጣጠር ተምረን ስለ ነበር፣ አንድ ማታ ተቀምጣ ካረፈች በኋላ የእጇን አንጓ ይዤ ቈጠርሁ። በአንድ ደቂቃ 118 ሆነ። ያረፈ ዐዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። ቍጥሩን በወረቀት ጽፌ ለእናቴ ሰጠኋት፤ እናቴም በማግሥቱ እኅቷን ይዛ ወደ ሐኪም ሄደች።

ሐኪሙ አንገቷን ዳስሶና ደሟን አስመርምሮ ሕመሙ የታይሮይድ ዕጢ መሆኑን ነገራቸው። ይህ ዕጢ ከአንገታችን በፊት በኩል የሚገኝ፣ ቅርጹም ቢራቢሮ የሚመስል ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን ምግብን የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰውነት ያለ ልክ እንደሚነድ ምድጃ ይሆናል፤ የተጨመረለት እንጨት ሁሉ ቶሎ ያልቃል፤ ልብም ከሩጫው አያርፍም። ሮበርት ግሬቭስ የተባለው የአየርላንድ ሐኪም ስለዚህ ሕመም የጻፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1835 ነው። ሳይታከም ቢቈይ የልብን አመታት ያዛባል፤ ልብንም ያደክማል።

ሆኖም የሚያከሳውና ልብ የሚያስመታው ይህ ብቻ አይደለም። የስኳር በሽታ እየተበላ ያከሳል፤ የሳምባ ነቀርሳ ከሳልና ከሌሊት ላብ ጋራ ያከሳል፤ የደም ማነስ ልብን ያስሮጣል፤ ጭንቀትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ያ ስሙ የማይጠራው ኤች አይ ቪም ቢሆን፣ ዛሬ መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው ሠርቶ የሚኖርበት ሕመም ነው እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። እነዚህን ሁሉ ምርመራ ይለያቸዋል፤ የጎረቤት ዓይን ግን አይለያቸውም።

አክስቴ ሆርሞኑን የሚቀንስ ክኒን ጀመረች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልቧ ረጋ፤ ቀስ በቀስም ገላዋ ተመለሰ። ክኒኑን ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሳታቋርጥ እንድትወስድ ሐኪሙ አዟታል። ጸበሏንም አልተወችም፤ ሁለቱ አልተጣሉም።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ በየቤታችን እየበላ የሚከሳ፣ ልቡም የሚመታበት ሰው ቢኖር ጊዜ አናባክን። ከግምታችን ይልቅ አብረነው ሐኪም ቤት መሄዳችን ይጠቅመዋል።