ሸራውን ቀየርን፣ ዘይቱስ?

አምና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ፍሬኔ እምቢ አለኝ። ከመነሳቴ ሦስት ቀን በፊት የፊቱን የፍሬን ሸራ አስቀይሬ ስለነበር ልቤ ሙሉ ነበር። አንዱን ጠመዝማዛ ጨርሼ ስረግጥ ግን ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝ፤ በከባድ ማርሽ አግቼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ ከተራራው ጥግ አስጠግቼ አቆምኩ። ልጄ ከኋላ ተኝታለች። አልነቃችም።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አይተውኝ ቆሙ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ መንገዱን የሚያውቁት ሰው ናቸው። «አዲስ ሸራ እኮ ነው ያስገባሁት» አልኳቸው።

«ዘይቱንስ መቼ ቀየርከው ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። መኪናዋን ከገዛሁ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከገባው በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እኔም በቀላል ማርሽ፣ እግሬን ከፍሬን ሳላነሳ ነበር የምወርደው። ሙቀቱ ከዲስኩ በሸራው አልፎ ዘይቱን አፈላው፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ የእግሬ ጉልበት ጎማው ጋ ሳይደርስ እዚያው አለቀ። ሲበርድ ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠነከረ። ብዙ ሰው «ተስተካከለ» ብሎ መንገዱን የሚቀጥለው እዚህ ላይ ነው፤ እጅግ አደገኛ ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሁላችንም የምንጠይቀው «ኦርጅናል ነው ቻይና?» ብለን ነው። እኔ አሁን ካርቶኑን ትቼ ዕቃውን አገላብጣለሁ። ብዙ ሸራዎች ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ፤ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራሉ። በሰበቃ ልክ ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45 ነው። ምንም ያልተጻፈበትን ሸራ አልገዛም። የአንዱን ጎማ ሸራ ብቻ መቀየርም የለም፤ ግራና ቀኙ አብረው ይቀየራሉ፣ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ዲስኩም ላይ ከዚህ በታች አይሳሳ የሚል ልክ ተጽፎበታል፤ አስለኩት። ዘይቱን ግን በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጠውን በፍጹም። ያልተከፈተ፣ የታሸገ ይሁን።

አየር ማውጣቱን ከልጄ ጋር ግቢያችን ውስጥ ሠራነው። ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው፣ በእኔ መኪና ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀመርን፤ የእናንተ ሊለይ ስለሚችል መመሪያውን እዩ፣ ኤቢኤስ ያላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። አየር ማውጫዋ ብሎን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ሰክቼ፣ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘይት ውስጥ ነከርኩት።

«ርገጪ!»

«ይዣለሁ አባዬ!»

ብሎኗን ሩብ ዙር ፈታሁ። የወጣው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር፤ መሐል መሐሉ ላይ አረፋ ተከታትሎ ይመጣል። ብሎኗን ሳልዘጋ እግሯን እንዳታነሳ አሥር ጊዜ ነገርኳት፤ ካነሳች አየሩን መልሶ ይስበዋል። ከፊት ያለው የዘይት ዕቃ እንዳይጎድል በየመሐሉ እየሞላን፣ ንጹሕ ማር የመሰለ ዘይት እስኪወርድ ቀጠልን። አራተኛው ጎማ ሲያልቅ ልጄ ፔዳሉን ረግጣ «አባዬ፣ ድንጋይ ሆነ!» አለች።

ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። መቼ እንዳስቀየራችሁ የማታስታውሱ ካላችሁ፣ ለበዓል ቤተሰብ ጭናችሁ ቁልቁለት ከመግባታችሁ በፊት እባካችሁ አስቀይሩት።